ዲኤንፒ ወይስ ፒኤችዲ? ከመመዝገብዎ በፊት ሰዓትዎን ይቁጠሩ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ የምክር ዓምድ አዘጋጆች። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ ተመርቄ በዲቪ ከመጣሁ በኋላ የነርሶችን የፈቃድ ፈተና፣ ኤንክሌክስን፣ አልፌ አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ሆኜ እሠራለሁ። በሳምንት ሦስት ሌሊት ነው፣ እያንዳንዱ 12 ሰዓት። ከሁለት ዓመት በፊት በነርስ መምህርነት ማስተርሴን በኦንላይን ጨርሻለሁ፤ የተግባር ልምምዱ 180 ሰዓት ብቻ ነበር። አሁን ዶክትሬት አስቤያለሁ። አንድ ትምህርት ቤት በ12 ወር ዲኤንፒ፣ የነርሲንግ የተግባር ዶክትሬት፣ እንደሚያስጨርሰኝ ነግሮኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ዲኤንፒ ከያዝሽ ነርስ ፕራክቲሽነር ሆነሽ ትሠሪያለሽ ይሉኛል። ልቤ ያለው ግን ዐቢይ ጾምን በሚጾሙ የስኳር ሕመምተኞቻችን ላይ መሥራት ነው፤ ቆይቶም አገር ቤት ገብቼ ማስተማር እፈልጋለሁ። ኮርሶቹ ምን ምን ናቸው? ምንስ ይጠይቃሉ? ከዲኤንፒና ከምርምሩ ዶክትሬት ከፒኤችዲ የትኛው ይሻለኛል? ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ግሪን ካርድ አለኝ።

መልስ፦

እህታችን፣ ከጓደኞችዎ አባባል እንጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚያ ላይ ነውና። ዲኤንፒ የያዘ ሁሉ ነርስ ፕራክቲሽነር አይሆንም። በሽተኛ መርምሮ መድኃኒት ለማዘዝ በአንድ የተወሰነ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በቤተሰብ ጤና ወይም በአእምሮ ጤና፣ ሙሉ ሥልጠና ወስዶ ብሔራዊ የሰርተፊኬት ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም ከግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ማስተርስ ላላቸው ሰዎች በአጭር ጊዜ የሚሰጡት ዲኤንፒዎች አብዛኞቹ የአመራር ናቸው። ሲመረቁ ዶክተር ይባላሉ፤ ፈቃድዎ ግን ዛሬ ያለዎት የአርኤን ፈቃድ እንደሆነ ይቀራል። የእርስዎ ማስተርስ በመምህርነት ስለሆነ ይህ በቀጥታ ይመለከትዎታል።

ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ደግሞ ዶክትሬት ዛሬም ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር በ2004 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሥልጠናው በ2015 ወደ ዶክትሬት ይደግ ብሎ ነበር። የነርስ ፕራክቲሽነር መምህራን ድርጅትም በ2018 ላይ 2025ን ግብ አድርጎ ቃል ገባ። ሁለቱም ቀኖች አልፈዋል፤ በማስተርስ የተመረቁ ነርሶች አሁንም ለፈተናው ይቀመጣሉ። ግዴታ የሆነው በማደንዘዣ ነርሶች ዘንድ ነው፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ወደዚያ ሙያ የሚገባ ተማሪ በዶክትሬት ፕሮግራም ብቻ ይማራል። ስለዚህ ፍላጎትዎ በሽተኛ ማከም ከሆነ ርካሹ መንገድ ማስተርስ ላላቸው ነርሶች የሚሰጠው የነርስ ፕራክቲሽነር ሰርተፊኬት ነው። እዚያ ሲገቡ የላቀ ፓቶፊዚዮሎጂ፣ የላቀ ፋርማኮሎጂና የላቀ የአካል ምርመራ ኮርሶች መውሰድዎ ይታያል። በማስተርስዎ ወስደዋቸው ከሆነ ሲላበስዎን ፈልገው ያስቀምጡ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከአምስት ዓመት በላይ የቆየውን አይቀበሉም፤ እርስዎ ገና በሁለተኛው ዓመት ላይ ነዎት።

አሁን የ12 ወሩን ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ እናስላው።

በ2006 የወጣው የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበሩ መመሪያ ዲኤንፒ ለመያዝ ከባችለር በኋላ በድምሩ 1,000 የልምምድ ሰዓት ይጠይቅ ነበር። በ2021 የወጣው አዲሱ መመሪያ ስምንቱን የቀድሞ መሠረታውያን በአሥር የብቃት መስኮች ተክቶ ዝቅተኛውን ወደ 500 አውርዶታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን 1,000ውን አልለቀቁም። የማስተርስ ልምምድ ስለሚቆጠር በነርስ ፕራክቲሽነርነት ማስተርስ የያዘ ሰው 500 ወይም 600 ሰዓት ይዞ ይመጣል፤ ቀሪው ቀላል ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው 12 ወር የተሰላው ለዚያ ሰው ነው። እርስዎ 180 ይዘው ስለሚመጡ ትምህርት ቤቱ 1,000 የሚጠይቅ ከሆነ 820 ይቀርዎታል። በ45 የትምህርት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ18 ሰዓት በላይ ነው።

የድኅረ ማስተርስ ዲኤንፒ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ክሬዲት ነው። 36 ነው እንበል፣ ከነዚህም ዘጠኙ ለልምምድ የተያዙ ይሁኑ። ቀሪው 27 ክሬዲት በሦስት ሴሚስተር ሲከፈል ዘጠኝ ዘጠኝ ይደርሳል። ለአንድ ክሬዲት ክፍሉና ንባቡ ተደምሮ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ 27 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ላይ 18 የልምምድ፣ 36 የሥራ፤ ድምሩ 81 ሰዓት ነው፤ የመንገዱ፣ የልጆቹና ከሌሊት ሺፍት በኋላ የሚተኙት የቀን እንቅልፍ ሳይገባ። ይህን የሚችል ሰው የለም አንልም፤ የሚያቋርጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ሴሚስተር፣ ፕሮጀክቱና ስታቲስቲክሱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ቲዩሽኑ ደግሞ በዚያን ጊዜ ተከፍሏል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታወቅ። የደመወዝ ሺፍትዎ ለልምምድ ሰዓት አይቆጠርም። ሰዓቱ የሚቆጠረው በጽሑፍ የተቀመጠ የትምህርት ዓላማ፣ የሚከታተልዎ ፕሪሴፕተርና የተፈረመ መዝገብ ሲኖረው ነው። በዚያው ሆስፒታል በሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ከጥራት ቡድኑ ጋር፣ የሚሠሩትን ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ይቀበላሉ። ሁለተኛ፣ ትራንስክሪፕት ክሬዲት እንጂ ሰዓት አያሳይም። 180ውን የማስተርስ ትምህርት ቤትዎ በደብዳቤ እንዲያረጋግጥልዎ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ፕሮግራሙ ቢዘጋ ወይም ዳይሬክተሯ ብትለቅ ያንን ወረቀት ማውጣት ጣጣ ነው። የነርስ ፕራክቲሽነር ዘርፍ ከመረጡ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ፦ በ2022 የወጣው ብሔራዊ መስፈርት ከታካሚ ጋር በቀጥታ የሚሠራ ቢያንስ 750 ሰዓት ይላል። የመምህርነት ልምምድዎ ለዚያ አይሆንም።

ወደ ኮርሶቹ እንምጣ። በዲኤንፒ የሚያገኟቸው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ብዙም አይለያዩም፦ የማስረጃ ግምገማና ትግበራ፣ ኤፒዲሚዮሎጂና የሕዝብ ጤና፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ የጤና ኢንፎርማቲክስ፣ የጤና ፖሊሲ፣ የጤና ፋይናንስ፣ የድርጅት አመራር፣ በመጨረሻም ሁለት ወይም ሦስት ሴሚስተር የሚዘልቅ የፕሮጀክት ሴሚናር። በሁሉም ቢያንስ ቢ ማምጣት የተለመደ ግዴታ ነው። አንድ ሲ ኮርሱን ያስደግማል፣ ሁለተኛው በብዙ ቦታ ያስባርራል። ተማሪ ሁሉ ስታቲስቲክስን ይፈራል፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ፋይናንሱ ነው። አንድ የነርስ ቦታ ዓመታዊ ወጪው ስንት እንደሆነ ከነጥቅማ ጥቅሙ አስልቶ በጀት ማቅረብ ለአልጋ ዳር ነርስ አዲስ ነገር ነው።

ፒኤችዲ ሌላ ዓለም ነው። የመጀመሪያው ዓመት የሳይንስ ፍልስፍና፣ የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ፣ የቁጥራዊ ምርምር ንድፍና ሁለት ተከታታይ የስታቲስቲክስ ኮርሶች ናቸው። እስከ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ድረስ ኤስፒኤስኤስ፣ ስታታ ወይም አር በሚባሉ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ይሠራሉ። ሁለተኛው ዓመት የጥራታዊ ምርምር ዘዴ፣ የመለኪያ ትምህርት፣ የምርምር ገንዘብ ማመልከቻ አጻጻፍና ከነርሲንግ ውጭ ካለ ክፍል፣ ለምሳሌ ከሕዝብ ጤና ወይም ከአንትሮፖሎጂ፣ የሚወስዷቸው ኮርሶች ይሆናል። ከዚያ የማጠቃለያ ፈተናው ይመጣል። በአንዳንዱ ቦታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤት ተቀምጠው የሚጽፉት ነው፤ በሌላው ለኅትመት የሚበቃ የጽሑፍ ዳሰሳና የቃል ጥያቄ ነው። ሰዎች የሚወድቁበት ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፦ ጥናቶቹን አንድ በአንድ ይተርካሉ፣ አይመዝኗቸውም። እገሌ ይህን አገኘ፣ እገሊት ያንን አገኘች እያሉ 20 ገጽ ይሞላሉ። ፈታኞቹ የሚፈልጉት ጥናቶቹ ለምን እንደሚጋጩ፣ የማን ናሙና ጠባብ እንደሆነ፣ የቱ መለኪያ እንደማይታመን የሚናገር ጸሐፊ ነው።

ፈተናውን ሲያልፉ እጩ ይባላሉ፤ ፕሮፖዛል ያቀርባሉ፣ የሥነ ምግባር ቦርዱን ፈቃድ ያገኛሉ፣ መረጃ ይሰበስባሉ፣ ጽፈው ይከላከላሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች አንዱን ወፍራም ጥራዝ ትተው ሦስት የጆርናል ጽሑፎችን ይቀበላሉ። በሙሉ ጊዜ የሚማር ሰው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል። ሲፈልጉ አንድ ነገር እንዳያስደነግጥዎ፦ የዲኤንፒን ጥራት የሚመዝኑት ሲሲኤንኢና ኤሲኢኤን ፒኤችዲን አይመዝኑም። በዝርዝራቸው ውስጥ ባያገኙት ችግር የለውም፤ ለፒኤችዲ የሚታየው የዩኒቨርሲቲው ዕውቅና ነው፣ በሜሪላንድ የሚድል ስቴትስ ኮሚሽን የሚሰጠው።

አሁን ልብዎ ወዳለበት ጉዳይ። የጾመኛ ስኳር ሕመምተኞች ነገር ጥሩ ርዕስ ነው፤ ሁለቱ ዲግሪዎች ግን በየራሳቸው መንገድ ይይዙታል።

ዲኤንፒ ላይ ከሆኑ የሚፈለግብዎ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ አሠራር መለወጥና ለውጡን መለካት ነው። ጥያቄዎ በግምት እንዲህ ይሆናል፦ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒክ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ዐቢይ ጾምን ለመጾም ባሰቡ የዓይነት 2 ስኳር ታካሚዎች ዘንድ፣ ከጾሙ በፊት በተዘጋጀ ቅጽ የሚሰጥ ምክር ከተለመደው አሠራር ጋር ሲነጻጸር፣ የጾም ጊዜ የመድኃኒት ዕቅድ መዝገባቸው ላይ የተጻፈላቸውን ታካሚዎች ቁጥር በ12 ሳምንት ውስጥ ከፍ ያደርጋል ወይ? ከዚህ የሰፋ ጥያቄ አይያዙ። “የማኅበረሰባችንን የስኳር ቁጥጥር ማሻሻል” የሚል ርዕስ ይዘው የገቡ ሰዎች ሁለት ሴሚስተር ርዕስ ሲያጠቡ ይከርማሉ።

መለኪያዎ የሦስት ወር ስኳር ምርመራው፣ ኤዋንሲ፣ እንዲሆን አማካሪዎ ሊጠይቅዎ ይችላል። በትሕትና ይከራከሩ። ኤዋንሲ የሚያሳየው የሦስት ወር ገደማ አማካይ ነው፤ ጾሙ 55 ቀን ነው። ምክሩ ቢሠራ እንኳ ቁጥሩ በ12 ሳምንት ፕሮጀክት ውስጥ ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ አልሠራም ብለው ሊደመድሙ ነው። ደግሞም የጾም ዋናው አደጋ በአማካይ ቁጥር ውስጥ ይደበቃል፦ ግሊፒዛይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የተባሉትን ስኳር የሚያወርዱ ክኒኖች ውጦ ሳይበላ እስከ ከሰዓት የሚቆይ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፣ ማታ በእንጀራና በሽሮ ይወጣል፣ አማካዩ ደህና ይመስላል። ስለዚህ ዋና መለኪያዎ የተጻፈ ዕቅድ ይሁን። ከጎኑ ደግሞ ስኳር ወረደብኝ ብለው የደወሉ ታካሚዎችን ቁጥርና ምክሩ በቀጠሮው ላይ የጨመረውን ደቂቃ ይያዙ። ሐኪሞቹ ቅጹን የሚተዉት በደቂቃው ምክንያት ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ራስ ምታት ታካሚዎቹን መዝገብ ውስጥ ማግኘት ነው። የኤሌክትሮኒክ መዝገቡ “ጾመኛ” የሚል ሳጥን የለውም። የዘር ሳጥኑ የእኛን ሰው ከሌላው ጥቁር ታካሚ አይለየውም። የቀረው የሚመርጡት ቋንቋ የሚለው ሳጥን ነው፤ እሱም ቢሆን እንግዳ ተቀባዩ ሳይጠይቅ እንግሊዝኛ ብሎ የሞላው ብዙ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ከመጻፍዎ በፊት የክሊኒኩን የመረጃ ባለሙያ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት የዓይነት 2 ስኳር ያለባቸውና ቋንቋቸው አማርኛ የተባለ ስንት ናቸው? መልሱ 14 ከሆነ ክሊኒክ ይቀይሩ። ለጥቂት ሳምንታት በመቀበያው ላይ “በዚህ ዓመት ለመጾም አስበዋል?” የሚል አንድ ጥያቄ ማስገባት ራሱ ጥሩ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ውጤቱን በየሳምንቱ በግራፍ ላይ ያስፍሩ። ከለውጡ በፊት ስምንት ሳምንት ያህል፣ ከለውጡ በኋላ 12። ስድስት ተከታታይ ነጥቦች ከመካከለኛው መስመር በአንድ ወገን ሲያርፉ ለውጥ አለ ይባላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳትና ያንኑ ሰው በፊትና በኋላ የሚያነጻጽረውን የተጣመረ ቲ-ቴስት ይሠራል፤ በፊት የታዩትና በኋላ የታዩት ሰዎች የተለያዩ ከሆኑ ግን ምን ከምን ይጣመራል?

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ አማካሪዎ ስለማያውቀው የእርስዎ ኃላፊነት ነው። የ2019 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29፣ በፈረንጅ ማርች 8 ቀን 2027 ነው። ምክሩ ከዚያ በፊት መሰጠት ስላለበት ታካሚዎቹ የሚታዩት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ የሥነ ምግባር ቦርዱ ደብዳቤ ደግሞ በጥቅምት እጅዎ መግባት አለበት። የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት ምርምር አይደለም የሚለውን ውሳኔ ከትምህርት ቤቱም ከክሊኒኩም ያገኛሉ፤ ሁለቱ እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ጊዜ አለ። በትምህርት ቤቱና በክሊኒኩ መካከል የሚፈረመው ስምምነት ራሱ በሁለቱም ጠበቆች ጠረጴዛ ላይ ወራት ሊያድር ይችላል። ጾሙ ካመለጠዎት አንድ ዓመት አመለጠዎት። ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት መጠባበቂያ ሊሆንዎ ይችላል፤ ፍልሰታ ግን 15 ቀን ብቻ ስለሆነ ለመለኪያ አይመችም። ደብዳቤው ሳይመጣ አንድም መዝገብ አይክፈቱ። ለማየት ብቻ ብለው የከፈቱት ሁሉ ሲስተሙ ላይ በስምዎ ይመዘገባል።

ይኸው ርዕስ ፒኤችዲ ላይ ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል። እስካሁን በቅጡ ያልታወቀው ምንድን ነው? ሕመምተኛው መድኃኒቱን ለመዝለል ወይም ሰዓቱን ለመለወጥ ሲወስን ማንን ያማክራል፣ ሐኪሙን ነው የንስሐ አባቱን? ለሐኪሙ ለምን አይናገርም? እዚህ ዓላማዎ ከአንድ ክሊኒክ አልፎ ለሌላው የሚተርፍ ዕውቀት ማምጣት ስለሆነ ሙሉ የምርምር ፈቃድና የአማርኛ የስምምነት ቅጽ ያስፈልጋል። ቅጹን አንድ ሰው ይተረጉመዋል፣ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ሁለቱ ይመሳከራሉ። ተሳታፊ ለመመልመል ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ የሰበካ ጉባኤው የፈቃድ ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር መያያዝ አለበት። እርስዎ የሚያስታምሙትን በሽተኛ ግን አይመልምሉ፤ እምቢ ለማለት ይቸግረዋል፣ ቦርዱም ላይፈቅድ ይችላል።

ለቃለ መጠይቅ ጥናት ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሰው ይበቃል። የአንድ ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ 20 ሰው ቢያናግሩ ወደ 100 ሰዓት ነው። በመጀመሪያ በአማርኛ ይገልብጡ፣ ትንተናውንም በአማርኛው ላይ ይሥሩ፣ የሚጠቅሷቸውን ቃሎች ብቻ መጨረሻ ላይ ይተርጉሙ። “እግዚአብሔር ያውቃል” ብላ ዝም ያለችውን እናት በእንግሊዝኛ ሲጽፏት መልስ የሰጠች ትመስላለች። ሁለት ቡድን የሚያነጻጽር የቁጥር ጥናት ከመረጡ ደግሞ ናሙናውን አስቀድመው ያስሉ፦ መካከለኛ ለሆነ ልዩነት፣ በተለመደው የ0.05 መስፈርትና በ80 በመቶ የመለየት አቅም፣ በእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው ያስፈልጋል፤ የሚቋረጡት ታስበው ሲጨመሩ በድምሩ ወደ 150። ይህን ያህል ጾመኛ ሕመምተኛ በሁለት ወር ጾም ውስጥ ብቻውን የሚያገኝ ተማሪ ጥቂት ነው። የመድኃኒት አወሳሰድ መጠይቆች ላይም ይጠንቀቁ፤ አንዳንዶቹ የሚከፈልባቸው ናቸው፣ ያለ ፈቃድ የተጠቀመ ሰው በኋላ ክፍያ ይጠየቃል።

የእኛ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው፦ ለእርስዎ ፒኤችዲ ይሻላል። የያዙት ጥያቄ የምርምር ጥያቄ ነው፤ አገር ቤት ለማስተማር ማሰብዎም ወደዚያው ያመዝናል። በአሜሪካ ዲኤንፒ የያዙ መምህራን ብዙ ናቸው፤ በምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ግን ቋሚ የመምህርነት ቦታ የሚፈልገው ፒኤችዲን ነው። አገር ቤት ደግሞ ዲኤንፒ ያልተለመደ ስለሆነ ለየመሥሪያ ቤቱ ማስረዳት ይጠብቅዎታል። የውጭ ዲግሪን አቻነት የሚወስነው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከመመዝገብዎ በፊት የሁለቱን ዲግሪዎች አቻነት በጽሑፍ ቢጠይቁ፣ በተለይም ሊያስተምሩበት የሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚል ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ነገር ግን ሦስቱን ሌሊት ይዘው ፒኤችዲ አይጀምሩ። በሙሉ ጊዜ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ በሳምንት 20 ሰዓት የምርምር ወይም የማስተማር ረዳትነት ይጠይቃል፤ አንዳንዱም የውጭ ሥራን ይገድባል። ምን ያህል እንደሚገድብ ውሉ ላይ ይፈልጉ። በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ እየሠሩ የሚቀጥሉ ብዙ ናቸው፤ ኢንሹራንሱ ግን በስንት ሰዓት እንደሚቋረጥ ቀጣሪዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ቀጣሪዎ ለትምህርት የሚከፍልልዎ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ግብር አይከፈልበትም። ግሪን ካርድ ስላለዎት ለነርስ መምህራን የሚሰጠው የፌዴራል ብድር በር ይከፈትልዎታል፤ ትምህርት ቤቱ ፕሮግራሙ ካለው ነው። ተመርቀው በሙሉ ጊዜ በነርሲንግ ትምህርት ቤት ካስተማሩ እስከ 85 በመቶ የሚሆነው በአራት ዓመት ውስጥ ይሰረዝልዎታል። ለምርምር ሥልጠና የሚሰጠው የብሔራዊ የጤና ተቋማት ፌሎሺፕ፣ ኤፍ31 የሚባለውም፣ ቋሚ ነዋሪን ይቀበላል። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለውን ብድር አስቀርቷል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ሆኗል፤ “ፕሮፌሽናል” ለተባሉ ዲግሪዎች 50,000 እና 200,000 ነው። ፕሮግራምዎ በየትኛው ምድብ እንደሚታይ የፋይናንስ ቢሮውን በኢሜይል ይጠይቁ፤ በስልክ የተነገረዎትን አይመኑ።

የፒኤችዲ ማመልከቻ ለትምህርት ቤቱ የሚጻፍ ይመስላል እንጂ ወሳኙ ሰው አማካሪዎ የሚሆነው ፕሮፌሰር ነው። በአቅራቢያዎ ባልቲሞር ያሉት ጆንስ ሆፕኪንስና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰንም ፒኤችዲ በነርሲንግ ይሰጣሉ። የመምህራኑን ገጽ ይክፈቱና በስኳር ሕመም፣ በስደተኞች ጤና ወይም በእምነትና ጤና ላይ የሚሠሩትን ይለዩ። የቅርብ ሁለት ጽሑፋቸውን ያንብቡ፤ ከዚያ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ኢሜይል ይጻፉ። ጥያቄዎን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከእርሳቸው ሥራ ጋር የሚገናኝበትን በአንድ፣ አማርኛ አቀላጥፈው እንደሚናገሩና ማኅበረሰቡን እንደሚያውቁት በአንድ ያስቀምጡ። በዚህ ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። አይቀበሉም ከተባሉ እዚያ አያመልክቱ፤ ውጤትዎ የቱንም ያህል ቢያምር የሚመራዎ ሰው የለም።

ለፎል፣ ማለትም በመስከረም ገደማ ለሚጀመረው ትምህርት፣ የሚቀርበው ማመልከቻ በብዙ ቦታ ዲሴምበር ወይም ጃንዋሪ ላይ ይዘጋል። የሚያዘገየው የጎንደሩ ትራንስክሪፕት ነው። የአሜሪካ ማስተርስ ቢኖርዎትም ብዙ ትምህርት ቤቶች የባችለሩን የኮርስ በኮርስ ግምገማ ይጠይቃሉ፤ ለአርኤን ፈቃድ ያሠሩት ግምገማም በራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው አይሄድም። ሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ ወይም በራሱ ኢሜይል በቀጥታ ለገምጋሚው ድርጅት እንዲልክ ውክልና የሰጡትን ሰው መስከረም ላይ ያስነሡ። ወረቀቱ ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር በስልክ ፎቶ ያሳይዎት፦ የስምዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ፊደል ከግሪን ካርዱ ጋር አንድ መሆኑንና የምረቃው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ምልክት ከሌለበት ገምጋሚው ከዲፕሎማው ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያገኝና ፋይሉን ያቆመዋል። ያንን የምታስተካክለው ሬጅስትራሯ የምትጽፈው አንድ ደብዳቤ ናት፤ አስቀድመው አብረው ያስልኳት።